የመመለሻ ከፍታ

ልጅቷ የድሮኑን ክንፎች አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ እየወለወለች ነበር። ጨርቁ ከእህቷ መጋረጃ የተረፈ ብጣሽ ነው፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ላይ የመርፌ ምልክት ያለበት። የተቀመጠችበት ሶፋ ሌሊት አልጋዋ ነው። ጠዋት ጠዋት እንግዳ ሳይመጣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይወሸቃል፣ ትራሱ የሶፋ መደገፊያ ይመስላል፣ እሷም የቤቱ ሰው ትመስላለች። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ወዲያ ማዶ የተባለው ሁሉ ወዲህ ማዶ ይሰማል። እህቷና የእህቷ ባል ይህን ያውቃሉ፤ ግን ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

የእህቷ ባል ስልክ ላይ ነበር። ደንበኛ ሲያነጋግር ድምፁ ይቀጥናል፤ ከአፉ ማር ጠብ የሚል ይመስላል። «ሲስተር፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ እናቴን አልዋሽም» ይላል። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ በሕይወት ሳሉም ዋሽቷቸዋል። «የሐይቁ እይታ የዘላለም ነው። ከፊት ያለው ባዶ ቦታ? እሱማ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚሆነው፣ ከመሬት ቀና አይልም። የባለቤትዎን አልጋ በመስኮቱ ትይዩ ያደርጉታል፤ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ውሃ ነው የሚያዩት።» ከዚያ ሳቀ፤ ሲስተር የተባሉት ሴትዮም ወዲያ ጫፍ ሳይስቁ አልቀሩም። ልጅቷ ሦስተኛውን ክንፍ ወልውላ ወደ አራተኛው አለፈች።

ደላላ ሲሉት ይከፋዋል። ካርዱ ላይ «የመኖሪያ ሕልም አማካሪ» ብሎ አጽፏል። የሚሸጠው ገና አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሰ ሕንፃ ነው፤ የሚሸጠው ግን አራቱን አይደለም፣ ከነሱ በላይ ያለውን አየር ነው። ድሮኑን የገዛውም ለዚሁ ነው። ደንበኛው ዘጠነኛ ፎቅ እገዛለሁ ካለ፣ ድሮኑ ዘጠነኛ ፎቅ ሊሆን በታሰበው ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ሐይቁ ይመለከታል፤ «ይኸው በረንዳዎ» ይባላል። የሚያበርረው ሰው ቀጥሮ ደመወዝ ከመክፈል የሚስቱ ታናሽ ብታበርረው ይሻላል ብሎ አሰበ፤ ምግብና ሶፋ ይበቃታል። ሲያሾፍባት «ካፒቴን» ይላታል። እሷም ሰው ፊት ቀና ብላ መናገር የማይሆንላት ዓይነት ናትና ስሙን እንደ ሶፋው ተቀበለችው።

ከፊት ያለው ቦታ የመኪና ማቆሚያ እንዳልሆነ ታውቃለች። ያወቀችውም ከራሱ ከደላላው ነው። የጎረቤቱ ባለሀብት አሥራ ስምንት ፎቅ ሊገነባ ፈቃድ ማውጣቱን የሰማ ዕለት፣ እራቱን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ሳሎን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቤት የሸጠላቸው ሰዎች አሳዝነውት መስሏት ልታጽናናው ቃል ስትፈልግ፣ «ካፒቴን፣ ይሄ ነገር ሲግናል ሲጠፋበት በየት በኩል ነው የሚመለሰው?» አላት። አስረዳችው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ በመጀመሪያ ወደ ተሰጠው ከፍታ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ በቀጥታ መስመር ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለስና ይወርዳል። የሽያጭ ቢሮው ሐይቁ ዳር ካለው መንገድ ላይ ነው፤ ከሚሸጠው ሕንፃ የሚለየውም ይኸው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ድሮኑ ሲመለስ በባዶው ቦታ አናት ላይ ያልፋል። «እንግዲያው ዘጠና ሜትር አድርጊው» አላት። «ክሬኑ ዛሬ ይቁም ነገ አይታወቅም። አንዱን ሌላ ሳይት ላይ ክሬን በልቶብኛል።» የመጀመሪያውን ድሮን ማለቱ ነው። ዘጠና አደረገችው፤ እሱም ፊቱ ፈክቶ የቀረ እራቱን ሊጨርስ ሄደ። ገና ካልተሠራው ሕንፃ ሊያድነው የፈለገ አንድ ነገር ቢኖር ድሮኑን ነበር።

ሲስተር በሚመጡበት ዕለት ቁርስ ላይ የድሮኑ አፕ ካልታደስኩ አልነሣም አለ። እንዲህ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ነው መታደስ የሚያምረው። እህቷ ሻይ እየቀዳች፣ እሷ ታብሌቱን ከዳቦው ሳህን አጠገብ አቁማ መስመሩ እስኪሞላ ትጠብቃለች። ደላላው አፕዴት የሚባል ነገር የሚያውቀው «እስማማለሁ» የሚለውን በመጫን ነው፤ የባንኩንም፣ የኪራዩንም፣ የትዳሩንም ውል የፈረመው በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ ግን ማዘመን ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አፑ አዲስ ልብስ ለብሶ ይመጣና የነገሩትን ሁሉ ረስቶ ይቀመጣል። ከፈተችው። እንደፈራችው ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኗል። ሲግናል ሲጠፋ ምን ይሁን ለሚለው «ባለበት ይቁም» ብሎ መልሷል። ባለበት ከቆመ ባትሪው እስኪያልቅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ሲያበቃ ካለበት ይወርዳል፤ ከሥሩ አሸዋ የሚያቦኩ ሠራተኞች ይኑሩ፣ ጠርዝ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ይኑሩ ደንታው አይደለም። ያንን «ይመለስ» ብላ ቀየረችው። የመመለሻው ከፍታ ሠላሳ ሜትር ይላል።

እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ። ክሬኑ ገና አልቆመም። ጉድጓዱ እንኳ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ አይታይም። ዛሬ አርባ ብትለው ምንም አይነካም። ዘጠና የሚለው ቁጥር ግን ልክ የሰው አፍ መስሎ ታያት፤ የሚያውቀውን ሊናገር የተከፈተ አፍ።

«ጋሼ፣ አፕዴቱ ከፍታውን ወደ ሠላሳ መልሶታል። ምን ላድርገው?»

«ዘጠና አላልኩሽም እንዴ?» አላት ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ? የሰው ዕቃ መሆኑን አትርሺ።»

እህቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ዘጠናው ምን እንደሆነ ጠየቀች። የማሽን ነገር ነው፣ አንቺ መጋረጃሽን ስፊ አላት። እህቷም ተቀምጣ መጋረጃዋን መስፋት ቀጠለች። መጋረጃው ለዚህ ቤት አይደለም፤ የዚህ ቤት መስኮት መዳፍ ያክላል፣ የሚያሳየውም የጎረቤትን ልብስ ማስጫ ነው። ሰባተኛው ፎቅ ላይ አንድ ቤት በኮሚሽን እንደሚደርሰውና ሐይቁን እንደሚያይ ባሏ ቃል ከገባላት ጀምሮ፣ የሌለ መስኮት ለክታ ጨርቅ ገዝታ እየሰፋች ነው። ልጅቷ ዘጠና ብላ አስገባች። ታዝዛ ነው እንጂ ምን አጠፋች?

ቢሮው በነጭ ቀለም የተቀባ ኮንቴይነር ነው። ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፏል፤ ጥጉ ላይ ውሃ የማይጠጣ የፕላስቲክ ዛፍ ቆሟል፤ መሐል ጠረጴዛው ላይ ከካርቶን የተሠራው የሕንፃው ሞዴል አለ። ሐይቁ ሰማያዊ የተቀባ መስታወት ነው። ጎረቤት ቦታው ላይ አራት የአሻንጉሊት መኪና ተለጥፎ «ማቆሚያ» ተብሎ ተጽፎበታል። የለጠፋቸው ራሱ ደላላው ነው፤ አንዷ መኪና ጎማ ስለጎደላት ወደ ጎን ዘንበል ብላለች። ግድግዳው ላይ የካሬ ሜትሩ ዋጋ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እንደሚጨምር የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ከፀሐይ ብዛት ዳር ዳሩ ደብዝዟል፤ መጪው ሳምንት ከመጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

ሲስተር በታክሲ መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለ መነጽር፣ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የፊቱን ቀለም የሚያነቡ ዓይኖች። ገና ከመግባታቸው «እስከ ዘጠነኛ ፎቅ በደረጃ ልታወጣኝ ነው እንዴ?» ብለው ቀለዱ። «ዛሬስ በክንፍ ነው፣ ሲስተር» አለ ደላላው፣ ይህን ቀልድ ለስንተኛ ሰው እንደነገረው እሱም አያውቅ። ወንበር ሳበላቸው፣ ውሃ ከፈተላቸው፣ እናቴ አላቸው፣ ስለ ካሬ ሜትሩ ከአንገቱ በላይ አዘነላቸው። እሳቸው ግን ከሞዴሉ ይልቅ ልጅቷ ድሮኑን ስትዘረጋ ነበር የሚያዩት። አጠገቧ መጥተው ስለ ባለቤታቸው ነገሯት። ከአልጋ ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያሉበት የኪራይ ቤት መስኮቱ ወደ አጥር ነው፣ ስለዚህ ሰውዬው ግድግዳውን ነው ሲያይ የሚውለው። ስንጥቆቹን ወንዝ አድርጎ ለእያንዳንዱ ስም አውጥቶለታል። «እንዳትስቂ» አሏት፣ «ከጣሪያው ሥር ያለውን ወንዝ በእኔ ስም ነው የጠራው። ትንሽ ጠማማ ነው።» ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ያላቸውን ቤት ሸጠው ነበር የመጡት።

ድሮኑ ተነሣ። በባዶው ቦታ አናት ላይ አልፎ ወደ ሕንፃው ሄደ፣ ከአራተኛው ፎቅ የሲሚንቶ ወለል በላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ዘጠነኛው ሊሆን የሚገባው አየር ውስጥ ቆሞ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። ካሜራውን ከአጥሩ በላይ ብቻ እንድታደርግ የታዘዘችው የቆየ ትእዛዝ ነው፤ አደረገች። ታብሌቱ ላይ ሐይቁ በጠዋቱ ነጥቶ፣ ዳር ዳሩ ላይ ሸምበቆ ይዞ ታየ። ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጮኻል፤ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን በስክሪን ያነሣል። እሳቸው ግን «ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አሏት። «ተኝቶ ነው የሚያየው።»

ዝቅ አደረገችው። የአልጋ ቁመት ያህል። ደላላው ከኋላቸው ውሉንና እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል፤ ክዳኑን ከፍቶ መዝጋት አመሉ ነው፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሲስተር ዛሬ ከተፈራረሙ የመጪው ሳምንት ዋጋ እንደማይነካቸው እየነገራቸው ነው። ልጅቷ አንድ ነገር ለመናገር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ሶፋውን አሰበች። እህቷን አሰበች። ከዚያ፣ መናገር የማይሆንላቸው ሰዎች አንዳንዴ እንደሚያደርጉት፣ ሌላ የሚናገርላት ፈለገች። ከኮንቴይነሩ ጀርባ ብረቱ ሲግናል የሚበላበት ቦታ አለ፤ አንድ ጊዜ ሳታውቅ ቆማበት ግንኙነቱ ተቋርጦባት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ድሮን አየር ላይ እያለ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም።

«ሲስተር፣ ፀሐዩ ስክሪኑን አጠፋው። ወደ ጥላው እንሂድ» አለች።

ሄዱ። ደላላውም እስክሪብቶውን እያጮኸ ተከተላቸው። ጥላው ውስጥ ገና እንደቆሙ ምስሉ ተሰባበረ፣ ደርቆ ቆመ፣ ከዚያ ሐይቁ ግራጫ ሆነ። አዲሱ አፕዴት ካመጣቸው ነገሮች ሁሉ አንድ የሚረባ ነበረው፦ የሚያደርገውን በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። «ግንኙነት ተቋርጧል። ወደ 90 ሜትር እየወጣ ነው» ይላል። ሲስተር አነበቡ፤ ከጥላው ወጣ ብለውም በእጃቸው ግንባራቸውን ከልለው ወደ ሰማይ አዩ። ድሮኑ ከነበረበት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የቆመበትን በረንዳ ትቶ ወጣ፣ ነጥብ እስኪያክል ወጣ፣ ከዚያ በቆርቆሮ በታጠረው ባዶ ቦታ ላይ እንደ ትልቅ ወፍ ተንሳፍፎ መጣ። ከአጥሩ በላይ ቀና ያለ ምንም የለም፤ አንድ የመብራት ምሰሶ እንኳ የለም።

«ለመመለስ ይሄን ያህል መውጣት ምን ቸገረው?» አሉ ሲስተር።

ደላላው ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። አፕዴት ነው አለ። ዛሬ ጠዋት ነው የታደሰው፣ እነዚህ ፈረንጆች እንደሆኑ ከተቀመጡበት ሆነው የሰው ማሽን ይነካካሉ፣ ባለፈው ሳምንት የእሱን ስልክ እንዲህ አድርገውበት የደወል ድምፁ ጠፍቶ ነበር፣ ስንቱን ደንበኛ አጣ። ሲስተርም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታልም ማሽን ሲሳሳት እንዲሁ ይባል እንደነበር ተናገሩ። እስክሪብቶው ቀጭ አለ። ልጅቷ ድሮኑ ቢሮው ፊት ለፊት ሲያርፍ አየችው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሮ ጨርሶ ክንፎቹን አቆመ። ቁጥሩ ተናገረ፤ ደላላው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቀበረው። ብልሃቷ ውሃ የማያነሣ ሆኖ አገኘችው። አንድን ሰው በማሽን አፍ ማስጠንቀቅ ድፍረት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ፈሪ ሰው በራሱ ፈንታ ድሮን ይልካል።

ሲስተር ግን የታማሚን ነገር ከአስታማሚው አፍ ብቻ ተቀብለው የሚሄዱ አልነበሩም። ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

«አፕዴቱ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። «አፕዴቱ አይደለም። ዘጠና ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ነው ያዘዘኝ። እዚህ ከፊት አሥራ ስምንት ፎቅ ሊሠራ ነው፤ ሲመለስ እንዳይጋጭ ነው።»

መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ሲስተር ወደ ቆርቆሮው አጥር ሄደው ምስማር በተነቀለበት ቀዳዳ ዓይናቸውን አስጠጉ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ውስጡ ክንድ የሚያክሉ ብረቶች እንደ ጫካ ቆመዋል። ቀና ብለው ተመለሱና ደላላውን እንደ በሽተኛ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ማሽኑ እንዳይጋጭ ነው ያሰብከው?» አሉት።

ደላላው ፕላን እንደሚቀየር፣ ፈቃድ ማለት ሕንፃ ማለት እንዳልሆነ፣ ቢሠራ እንኳ በመካከል አየር እንደሚያልፍ ማስረዳት ያዘ። ለሦስተኛ ጊዜ እናቴ ሲላቸው እጃቸውን አነሡ። «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር» አሉ፤ «አንተ ደግሞ መስኮት አመጣህ።» አልጮኹም። ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ልጅቷ መጡና፣ ቤቱ ይቅር፣ ፊልሙን ግን እንደሚፈልጉት ነገሯት። ደላላው ፊልም ለገዢ ብቻ እንደሚሰጥ ተናገረ። ሲስተር እንዳልሰሙ ሆነው የስልክ ቁጥራቸውን ነገሯት፤ እሷም እሱ እያያት ስልኳ ላይ መዘገበችው። ታክሲ እስኪያገኙ መንገዱ ዳር ቆመው አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ዞረው አዩ። ከመሬት ሲያዩት ሸምበቆው ነው የሚታየው።

መኪና ውስጥ ደላላው ሬዲዮ ከፈተ። ስለ እግር ኳስ የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ፤ ማን ኳስ እንዳሳተ ሲከራከሩ ቤት ደረሱ። እሱ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያውም መኪናውን እያቆመ፦ ዕቃዋን ሰብስባ ነገ ወደ አክስታቸው ቤት እንድትሄድ፣ ድሮኑንም ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ስለሚይዘው ከፍታውን ሠላሳ አድርጋ እንድታስረክብ። ዘጠና ደንበኛ ያባርራል አላት። ክሬኑስ ብላ ልትጠይቀው ነበር፤ ተወችው።

እህቷ ነገሩን ከባሏ በኩል በቺፑዱ ግድግዳ ወዲያ ሰማች፤ እሷ ደግሞ ወዲህ ሆና እህቷ ስትሰማ ሰማች። እንግዳ ፊት እንዳዋረደችው፣ እጁ ላይ በልታ እጁን እንደነከሰች፣ ጡት ነካሽ እንደሆነች ተነገረ። እህቷ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ አልነበረም፣ ፊቷም አልጠቆረም፤ ወደ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ታጥብ ጀመር። ልጅቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች፣ ማድረቂያውን ጨርቅም አነሣች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች። ሁለት ብርጭቆ፣ ሦስት ብርጭቆ አለፈ።

«ስንት ፎቅ ነው አልሽ?» አለች እህቷ ወደ ውሃው እያየች።

«አሥራ ስምንት።»

እህቷ ቧንቧውን ዘጋችው። የእነሱ ሰባተኛ መሆኑን ማንም አልተናገረም። ከአሥራ ስምንቱ ፊት ለፊት ሰባት ምን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እህቷ እጇን በቀሚሷ አብሳ ወጣች፤ ልጅቷም የመጨረሻውን ብርጭቆ አድርቃ ቦታው አስቀመጠችው። «ቆዪ» የሚል ቃል ጠብቃ ነበር እንዴ? ባሏ የሌለ መስኮት ሲሸጥላት የገዛች ሴት እህቷን ለማስቀረት በምን አፏ ትናገራለች።

አመሻሽ ላይ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የድሮኑን ሚሞሪ አወጣች። ታብሌቱ ላይ ግራጫ የሆነው ሚሞሪው ላይ ግራጫ አልነበረም። ድሮኑ ሲግናል ቢጠፋበትም መቅረጹን አላቆመም፤ የሚያየው ሲያጣ ማየት የሚያቆም ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ዘጠነኛው ፎቅ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ የአልጋው ቁመት፣ ሲስተር እንዳሉት። ከዚያ መውጣት ይጀምራል፤ ሸምበቆው ይወርዳል፣ ውሃው ይሰፋል፣ ዘጠና ላይ ሲደርስ ሐይቁ ወዲያ ማዶ ዳርቻ አለው፣ ከዳርቻው ወዲያ ተራሮች፣ በተራሮቹ መካከል ወደ ሐይቁ የሚገባ ጠማማ ወንዝ። ይህን ወንዝ ስታበርር አይታው አታውቅም፤ ከዘጠና ሜትር ላይ ቆሞ ያየ ማንም ስላልነበረ። ወንዙ እስከሚታይበት ተወችው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ኮንቴይነሩን፣ ጣሪያውን፣ ውል ይዞ የቆመውን ሰው ቆረጠችው። ወደ ሲስተር ስልክ ላከችው። ትንሽ ቆይቶ ደረሰ የሚለው ምልክት መጣ፤ ከምልክቱ ሥር ምንም ቃል አልነበረም፣ እሷም አልጠበቀችም።

እህቷ ከመኝታ ቤት ወጥታ የመጋረጃውን ጨርቅ ከነመርፌው ሶፋው ላይ ጣለችላት። «የአክስቴ ቤት ይበርዳል» ብላ ተመለሰች። ከግድግዳው ወዲያ ባሏ መጋረጃው የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ።

ልጅቷ መርፌውን ከጨርቁ ነቅላ የሶፋው ክንድ ላይ ሰካችው። ከዚያ አፑን ከፈተች። የመመለሻ ከፍታ፦ ዘጠና። ሠላሳ እንድታደርገው ታዝዛለች። ክሬኑ ነገ ሊቆም ይችላል፤ ነገ የሚያበርረው ሰውም ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ከሥሩ አሸዋ የሚያቦኩትን ግን በመልክ ታውቃቸዋለች። ቁጥሩን አልነካችውም። ሲግናል ሲጠፋ «ይመለስ» የሚለውን አንድ ጊዜ አረጋግጣ ዘጋችው። ባትሪውን አወጣች፣ አራቱን ክንፎች አጠፈች፣ የሌንሱን ክዳን አለበሰችው። ሳጥኑን ቆልፋ ከመኝታ ቤቱ በር ሥር አስቀመጠችው።